የአማቼ ድሮን

አማቼን መጠርጠር የጀመርኩት ታናሽ እህቴን ከማግባቱ በፊት ነው። ምክንያት አልነበረኝም። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ማንም ሳያዘው ወንበር እየሰበሰበ ሲደረድር አየሁትና «ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» አልኩ። የፈለገው እህቴን ኖሯል። ያን ጊዜ ስለተሳካልኝ ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ጥርጣሬ ሁሉ እንደ እውነት እየቆጠርኩ ሰውዬውን አራት ዓመት ሙሉ በዓይነ ቁራኛ ስጠብቀው ኖርኩ።

ጠባዬ ነው። ያደግኩት ጎረቤት ጎረቤቱን ለቀበሌ በሚጠቁምበት ዘመን አዲስ አበባ ነው። በሱዳን በኩል እዚህ ከገባሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ እንኳ ሰው ሰላም ሲለኝ ቀጥሎ ምን ሊለኝ እንደሆነ ነው የማስበው። ሥራዬ ሰው በመኪና ማመላለስ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስልክ ካወራ ስለ እኔ ነው። የምኖርበት ኤል ሴሪቶ ከተማ ያለው ጎረቤቴ በሩ ላይ ካሜራ የሰቀለ ሰሞን ቆሻሻ የማወጣው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር። እህቴ ትስቅብኛለች። «ማን አንተን ያያል?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ የሚያይ ሰው አይጠፋም ባይ ነኝ።

አደን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከሳን ሆዜ በስተ ምሥራቅ ካለው ተራራ ጀርባ አንዲት ባልቴት የከብት እርባታ አላት። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ አጥሯን እጠግንላታለሁ፣ እሷም በአደን ወቅት መሬቷ ላይ አጋዘን እንዳድን ትፈቅድልኛለች። የበሩን ቁልፍ የሰጠችኝ ቀን ሦስት ነገር ብቻ ነው የነገረችኝ፦ በሩን ዝጋ፣ ከብት ባለበት አቅጣጫ አትተኩስ፣ ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ። ያ ቁልፍ እስከ ዛሬ ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር ታስሮ ነው የሚውለው። እዚህ አገር በሰው መሬት ላይ ቁልፍ የሚሰጥህ ሰው ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ከመንግሥት ሕግና ከባልቴቷ ሕግ ሌላ የራሳችን ሕግ አለን። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል፣ ስለዚህ ይበላል። በጥይት ሞቶ ከተገኘ ግን በክት ነው፤ አፋችን አይገባም። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ፣ በስመ አብ ብለህ ባርከህ፣ በቢላ ማረድ አለብህ። የአደን ኮርስ ስንማር አስተማሪው ደጋግሞ የነገረን የዚህን ተቃራኒ ነው። «ከተኮሳችሁ በኋላ ቁጭ በሉ፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ካባረራችሁት የተኛው ይነሣል፣ ተነሥቶም ከማታገኙበት ይገባል» ነበር ያለው። እውነቱን ነው። እኛ ግን እንዴት ቁጭ እንላለን? ተኩሰን እንሮጣለን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእኔ አደን መተኮስና በጉልበት መሮጥ ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ቀኝ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ነው አማቼን ይዤው መውጣት የጀመርኩት።

አማቼ በዲቪ ነው የመጣው። ለሳን ሆዜ ቅርብ በሆነችው ኒውአርክ አንድ መጋዘን ውስጥ የማሽን ጥገና ይሠራል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ ድሮን እያስነሣ የመጋዘን ጣሪያ ይፈትሻል፤ የተሰነጠቀውን፣ ውሃ ያቆረውን ፎቶ አንሥቶ ለባለቤቶቹ ይሰጣል። ለዚህ ተፈትኖ ያገኘው ላይሰንስ አለው። በዚህ ዓመት አምስት ዓመቱን ስለሚሞላ ዜግነት ሊጠይቅ ነው። የዚህን ትርጉም ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። እናቱ አዲስ አበባ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጃቸው እሱ ብቻ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ አሁን ደረጃ የሚወርዱት በጎረቤት እጅ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እናቱን ማምጣት አይችልም፤ ዜጋ መሆን አለበት። ስለዚህ ያ ማመልከቻ ለእሱ ወረቀት ብቻ አልነበረም።

ድሮኑን ወደ ተራራው ያመጣው በሰኔ ነው፤ አደን ገና ሁለት ወር ሲቀረው። ባልቴቷን አስፈቅዶ፣ ከብቶቹ እንዳይደነግጡ ከወዲያኛው ሜዳ አስነሥቶ፣ አጥሩንና የውሃ ማጠጫዎቹን ዞሮ አሳያት። ላይኛው ማጠጫ ጋ ከመሬት በታች ቧንቧ ፈንድቶ ኖሮ፣ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ክብ ሠርቷል። ባልቴቷ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች ሳቀች፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። እኔ አጥሯን አሥራ አንድ ዓመት ስጠግን እንዲያ ስቃልኝ አታውቅም። ቀናሁ፤ መቅናቴን ግን ያኔ አላመንኩም። «ይሄ ሰውዬ ቁልፌን ሊወስድ ነው» ብዬ ነው ያሰብኩት።

ቤቴ ገብቼ ስለ ድሮንና ስለ አደን የሚለውን ሕግ በሙሉ አነበብኩ። ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪና ውስጥ ሆኜም አነበብኩ። ድሮኑ መመዝገብ አለበት። ከዓይንህ መራቅ የለበትም። ከአራት መቶ ጫማ በላይ አይወጣም። የሕዝብ ፓርኮቹ ጨርሶ አያስገቡትም። እንስሳ ማባረርም ሆነ መንዳት አይቻልም። ዋናው ደግሞ ይህ ነው፦ የአደን ወቅት ከመከፈቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከተዘጋም በኋላ እስከ ሁለት ቀን ድረስ በሚበር ነገር አውሬ መፈለግ ክልክል ነው። ለምን ቢባል፣ ከላይ የሚታይ አጋዘን የሚያመልጥበት የለውም።

አማቼን ቴሌግራፍ አቬኑ በሚባለው መንገድ ላይ ያለ ካፌ ጠርቼ አስቀመጥኩት።

«ሁለት ቀን ከፊት፣ ሁለት ቀን ከኋላ» አልኩት። «በዚያ መሀል ያንን ነገር እዚያ ተራራ ላይ እንዳላየው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ሩሉን ቼክ አድርጌዋለሁ።»

«መቼ ቼክ አደረግህ?»

«ባለፈው ዓመት፣ ከእርስዎ ጋር ከመውጣቴ በፊት።»

ይህ መልስ ሌላውን ሰው ደስ ያሰኘው ነበር። እኔን ግን አስጨነቀኝ። ሳይጠየቅ በፊት ሕጉን ያጠና ሰው የት ላይ እንደሚጥሰው ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ የሚያመውን ነካሁበት።

«የሲቲዝንሺፕ ፎርሙ ላይ የቅጣት ቲኬት ተቀብለህ ታውቃለህ ወይ የሚል አለ አይደል?»

«አለ።»

«እናትህን አስብ እንግዲህ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ሌላ የማስበው ነገር የለኝም» አለ። ሂሳቡን ልክፈል ብሎ ተነሣ። ይሄም አጠራጠረኝ።

ወቅቱ የሚከፈተው ፍልሰታ ላይ ስለሆነ እኛ ሁሌ የምንወጣው ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ላይ ስንገናኝ፣ አማቼ ጠመንጃዬን ከመኪናው እያወረደልኝ፣ «ዛሬ ከታችኛው ማጠጫ በላይ ካሉት ሦስት የኦክ ዛፎች ሥር ይወጣሉ» አለ። ወጡ። ሁለት እንስትና አንድ ቀንዱ ገና ቅርንጫፍ ያላወጣ ወጠጤ ነበሩ፤ በሕጉ ስለማይገደሉ አየናቸውና ሄዱ። በሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ «በሴትዮዋ ጓሮ በኩል ነው የሚያልፉት» አለ። በጓሮው በኩል አለፉ።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት የወጣሁበት ተራራ ነው። እሱ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከየት አወቀ?

ከዚያ በኋላ የአጋዘን አደኑን ትቼ አማቼን ማደን ጀመርኩ። «ሌሊቱን ጭጋግ ነበር እንዴ እዚህ?» እያልኩ እንደ ዋዛ እጠይቀዋለሁ፤ «ነበር» ካለ ከላይ አይቶት ነው። «እንጃ ጋሼ» ይለኛል። ስልኩን ሲከፍት በትከሻው ላይ አሾልቃለሁ። መኪናው ውስጥ የባትሪ ቻርጀር ተሰክቶ አየሁና ምን ቻርጅ እንደሚያደርግ ጠየቅኩት። «የሥራ ነው» አለ። የምን ሥራ? ቅዳሜ ተራራ ላይ የምን ሥራ አለ? ለእህቴም ደውዬ አጣራሁ።

«ባልሽ ዓርብ ማታ ቤት ነው የሚያድረው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«አንተ ዝም ብለህ ጠይቀህ አታውቅም» ብላ ዘጋችብኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ድምፁን ራሱን ሰማሁት። ከጉብታው ጀርባ «ዝዝዝዝ» ይላል፣ ከፍ ዝቅ ይላል። አማቼ ለሽንት ብሎ ከሄደ ቆይቷል። አሁን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት ብዬ በዚያ ጉልበቴ በደረቴ እየተሳብኩ ወጣሁ። ከጉብታው ወዲያ የተጣለ አሮጌ የውሃ ታንከር ነበር፤ ንብ ገብቶበታል። አንዷ ጆሮዬን ነደፈችኝ። አማቼ ተመልሶ መጥቶ በጥፍሩ እሾኩን እየነቀለልኝ፣ «እንዴት እዚያ ደረሱ ጋሼ?» ሲለኝ «አጋዘን ያየሁ መስሎኝ» አልኩት። ጆሮዬ ሳምንት ሙሉ ድንች አክሎ ከረመ፤ ተሳፋሪዎቼ ሁሉ እያዩት ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ያዝኩት። ወይም የያዝኩት መሰለኝ። ዛፍ ሥር ተቀምጠን እሱ አቅራቢ መነጽሩን ይዞ ትንሽ ራቅ ሲል ቦርሳውን በእጄ ዳበስኩ። ከፎጣ ሥር ጠንካራ ነገር አለ፤ በጨርቁ ላይ አራቱም ክንፎቹ ለእጄ ተሰሙኝ። ድሮኑን ይዞት ወጥቷል። በአደን ወቅት፣ በባልቴቷ መሬት ላይ፣ በእኔ ቁልፍ ገብቶ!

ተናደድኩ። እውነት ለመናገር ደስም አለኝ። የወራት ጥርጣሬዬ እውነት ሆነ። ወዲያው ልጮህበት አስቤ ነበር፤ ግን ሲያስነሣው ልያዘው ብዬ በሆዴ ያዝኩት። ምን እንደምለው ቃል በቃል አዘጋጀሁ። «እናትህን ሸጥካት» የሚል ነበረበት።

እሱ ተመልሶ ገና ሳይቀመጥ፣ ከታች ካለው ሸለቆ አፍ አንድ ወንድ አጋዘን ወጣ። ቀንዱ ቅርንጫፍ አውጥቷል፤ ሙሉ ነው። በዛፉ ግንድ ተደግፌ ተኮስኩ። አጋዘኑ ዘለለ፣ የኋላ እግሩ ከዳው፣ ግን አልወደቀም። ከደረቱ ወደ ኋላ፣ ሆዱ ላይ እንደመታሁት ወዲያው አወቅኩ። እንስሳው ጥቂት እርምጃ ሄዶ ከቁጥቋጦው ዳር ተኛ።

እዚህ ላይ ቁጭ ማለት ነበረብን። ሌላ አዳኝ ቢሆን ቁጭ ይላል። እኔ ግን ቢላዬን መዝዤ እያነከስኩ ቁልቁል ሮጥኩ፣ አማቼም ቀድሞኝ ሮጠ፤ ስንቀርብ አጋዘኑ ተነሣና ወደ ገደሉ ገባ። እዚያ ገደል ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቁጥቋጦና ቆዳ የሚያቆስል ቅጠል ነው ያለው። ደሙን እስከ አንድ ድንጋይ ተከተልን፣ ከዚያ ጠፋ። አማቼ በሆዱ እየተሳበ ሦስት ጊዜ ገብቶ ወጣ። ፊቱ ተቧጥጦ ላቡ በደም ላይ ይወርዳል። ፀሐይዋ ከረረች። ያ እንስሳ ሆዱን ተመትቶ የሆነ ቦታ ተኝቶ እየተሠቃየ ነው፤ እኔ ነኝ ያቆሰልኩት፤ ሲሞት ደግሞ በክት ይሆናል።

«አስነሣው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቦርሳህ ውስጥ ያለውን።»

ደነገጠ። ቦርሳውን ቁልቁል አየውና መልሶ እኔን አየኝ። «ነክተውታል?» አለ። ከዚያ በእርጋታ ነገረኝ። ከዚህ እንደወጣ በቀጥታ ኒውአርክ ሄዶ የአንድ መጋዘን ጣሪያ ሊያነሣ ነው። መኪና ውስጥ ሙቀት ላይ ከተዉት ባትሪው ያብጣል፤ ለዚያ ነው ይዞት የሚወጣው። ወቅቱ ከተከፈተ ጀምሮ እዚህ አንድ ቀን አላስነሣውም።

«ታዲያ የሚወጡበትን በምን ታውቃለህ?»

«እኔ እኮ ከእርስዎ አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው የምመጣው ጋሼ። ሴትዮዋን አስፈቅጄ በእግሬ እዞራለሁ፤ በባትሪ ኮቴያቸውን አያለሁ። እሷም ከመስኮቷ ያየችውን ትነግረኛለች።»

አመንኩት? ያን ጊዜ ማመን አለማመኔ ግድም አልሰጠኝ። «እሺ፣ አሁን አስነሣው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ክልክል ነው። ለቆሰለውም ቢሆን ወቅቱ ላይ አይፈቀድም። እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል።»

«እያደንንበት አይደለም! የቆሰለ ነው የምንፈልገው። በክት ሊሆን ነው እኮ!»

«ሲቲዝንሺፔን...»

«ሁለት ደቂቃ ነው። እዚህ ተራራ ላይ ማን ያያል?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ከካሜራ ፊቴን ሳዞር የኖርኩት ሰው። አሁንም እሱ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ በእኛ ቤት የመጨረሻ የሆነውን ቃል አወጣሁ፤ «ታላቅህ ነኝ፤ አዝዤሃለሁ» አልኩት። እህቴን የዳርኩለት እኔ ነኝ። በሠርጉ ቀን ጉልበቴን ስሞ ነው የወሰዳት። መሬት መሬት አየና «እሺ ጋሼ» ብሎ የቦርሳውን ዚፕ ከፈተ።

ሁለት ደቂቃም አልፈጀም። ከገደሉ በላይ አንድ ጊዜ ዞረና ከደረቀ ጅረት ዳር ቡናማ ጀርባ ታየ። እሱ ድሮኑን አውርዶ፣ ቅርንጫፍ እየሰበረ መንገድ አውጥቶልኝ፣ እጄን ይዞ አወረደኝ። አጋዘኑ ዓይኑ ክፍት ነው፣ ይተነፍሳል። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ ባርኬ አረድኩት። ደሙ ሞቅ ብሎ እጄ ላይ ፈሰሰ። እፎይ አልኩ፤ በዚያ ቅጽበት በጣም ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ከገደሉ አፍ ላይ ሰው ጠራን። የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንን ነበር። ከማዶ ጉብታ ላይ በመነጽር ሲያየን ቆይቷል፤ ድሮኑንም ሲነሣ አይቷል። ወጣቱ መኮንን አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ጠመንጃዬን፣ ላይሰንሴን፣ አንድ አጋዘን እንድገድል የሚፈቅደውን ታግ አየ። ከዚያ «ድሮኑ የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ነው» አለ አማቼ።

«በአደን ወቅት እንደማይፈቀድ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አስነሣኸው?»

አማቼ በእጅጌው የፊቱን ደም ጠረገ። እኔን አላየኝም። ወደ እኔ ላለማየት አንገቱን እንደያዘ ያስታውቅ ነበር። መኮንኑ ወደ እኔ ዞረ። ቢላው እጄ ላይ ነው፣ ደሙ ገና አልደረቀም።

«ጌታዬ፣ እንዲያስነሣው እርስዎ ጠይቀውት ነበር?»

«ኖ ሰር» አልኩት።

ሠላሳ ዓመት በተማርኩት እንግሊዝኛ እንዲህ ጥርት ያለ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ለምን እንዳልኩት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቁልፉን ፈርቼ ነው፤ ላይሰንሴን ፈርቼ ነው፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲጠይቀኝ ከልጅነቴ ጀምሮ መልሴ «እኔ አይደለሁም» ስለሆነ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። አንዳቸውም ግን አይጠቅሙትም። መኮንኑ ለአማቼ ቲኬቱን ጻፈለት፣ ድሮኑን ወሰደ፣ አጋዘኑንም እሱና አማቼ ተሸክመው የመኮንኑ መኪና ላይ ጫኑት። ባርኬ ያረድኩት ሥጋ በመንግሥት መኪና ተራራውን ወረደ።

ወደ በሩ ስንመለስ አማቼ ጠመንጃዬን እንደ ወትሮው ተሸክሞልኛል፣ ቁልቁለቱ ላይ እጄን ይዞኛል። ባልቴቷ ከመኮንኑ ሰምታ በሳምንቱ ደወለችልኝ። በጣም አዝናለች፤ ሰውዬውን ትወደው ነበር፤ ግን ሕግ የጣሰ ሰው መሬቷ ላይ እንዲገባ አትፈልግም። «አንተ ግን መምጣት ትችላለህ፤ አንተን አውቅሃለሁ» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አመሰገንኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አመሰገንኳት።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ አዲስ ጥርጣሬ ጀመረኝ። አማቼ ለምን አይናገርም? ለእህቴ የነገራት እሱ በራሱ ፈቃድ እንዳስነሣው ነው። እህቴ ደውላ «እንዴት እንዲህ ያለ ሞኝነት ይሠራል? አንተ አልነበርክም እንዴ?» ስትለኝ፣ ያላወቀች መሆኗን ተረዳሁ። ታዲያ ምን እየጠበቀ ነው? አንድ ቀን በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው? ውለታ ሊያስከፍለኝ ነው? እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳገኘው ፊቱን እፈትሻለሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ይለኛል። ከጥያቄው ኋላ ሌላ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሰውዬው የጠየቀኝ ስለ ጉልበቴ ነው።

ጉዳዩን የያዘችለት ጠበቃ የነገረችው ነገር ግልጽ ነበር። ፎርሙ ላይ «አዎ» ብሎ መመለስ አለበት፤ ቲኬቱን ያያይዛል፣ የሆነውን ያብራራል። ሊያዘገየው ይችላል፣ ሊያስከለክለው እንኳ ይችላል፤ እርግጡን አትናገርም። የሚያውቁት ሰዎች ስለ ጠባዩ ደብዳቤ ቢጽፉለት ግን ይረዳዋል። እህቴ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣች። «አንተ እዚያ ስለነበርክ ያንተ ይበልጣል» አለችኝ።

ሦስት ቀን ጻፍኩት። ተሳፋሪ እየጠበቅኩ በስልኬ ጀምሬ ቤቴ በወረቀት ገለበጥኩት። ሠራተኛ ነው፣ እናቱን የሚጦር ነው፣ ሽማግሌ የሚያከብር ነው አልኩ። ድሮኑን ያስነሣው የቆሰለ እንስሳ እንዳይሠቃይ ብሎ ነው አልኩ። እምነታችን እንስሳ ሳይታረድ እንዲሞት እንደማይፈቅድም አስረዳሁ። አንድም ውሸት አልነበረበትም። አምርሬበት እንደ ጸሐፊ አሳምሬ ጨረስኩትና ሳን ሆዜ ድረስ ይዤላት ሄድኩ።

እሱ ሥራ ላይ ነበር። እህቴ ምግብ እየሠራች ስለነበር እጇን አድርቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀስ ብላ አነበበችው። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ዓይኗ በእንባ ሲሞላ ደብዳቤው ልቧን ነክቶት መሰለኝና ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

«እዚህ ላይ ዛፍ ሥር እንደተቀመጣችሁ ይላል» አለች በጣቷ እያሳየችኝ። «እዚህ ላይ እንደቆሰለ ይላል። ከዚያ እሱ ድሮኑን አስነሣ ይላል።»

«አዎ።»

«አንተስ? ከዚህ እስከዚህ አንተ የለህም። እሱ ሲያስነሣ አንተ የት ነበርክ?»

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ገደሉ አፍ ላይ ነበርኩ፣ ጉልበቴን አሞኝ ነበር፣ አላየሁትም። አልተጠቀምኩበትም። እህቴ ፊቴን ታየኛለች። ልጅ ሆና ሱዳን ድረስ በጀርባዬ አዝዬ ያሻገርኳት እሷ ናት፤ ስዋሽ ታውቃለች። ስለዚህ ነገርኳት። «ክልክል ነው» ማለቱን፣ ስለ ዜግነቱ ጀምሮ እንዳላስጨረስኩት፣ ማን ያያል ማለቴን፣ ታላቅህ ነኝ ማለቴን፣ መኮንኑ ሲጠይቀኝ የመለስኩትን ሁሉ ነገርኳት። እሷ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ለእኔም አልነገረኝም» አለች ለራሷ። «ስንት ጊዜ ተቆጣሁት፣ አልነገረኝም።»

ተነሥታ ምድጃውን አጠፋች። ያመጣሁትን ደብዳቤ ለሁለት አጥፋ ወደ ጎን አደረገችው። ከደብተሯ ላይ ንጹሕ ወረቀት ገንጥላ እስክሪብቶ ጨምራ ፊቴ አስቀመጠችው።

«አሁን የነገርከኝን ጻፈው» አለችኝ።